የዘንዶውን ጉድጓድ በማን ክንድ እንለካው?

ነገሩ የሆነው አትላስ ነው፤ ከመካከላችን ሁለታችን ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ። ከግቢው ጀርባ ሕንፃ ሊሠራበት በቆርቆሮ ታጥሮ ሣር የዋጠው ባዶ ቦታ አለ። መስከረም ሊጠባ ሰሞን፣ እሑድ ጠዋት፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሶ ሳለ ከቆርቆሮው ሥር አንድ ጠቆር ያለ እባብ እየተሳበ ገባና ውኃ ቆጣሪው አጠገብ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን መቼም ታውቁታላችሁ። ጩኸት ሆነ። ልጆች ወንበር ላይ ወጡ። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረጃው ላይ ወጣን። አከራያችን በረንዳው ላይ ቆመው "አንተ ልጅ! ምን ቆመህ ታየዋለህ? በለው እንጂ!" አሉ። የጮኹት ዘበኛው ላይ ነው። ገና ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላው የጎጃም ልጅ ነው። የያዘው ቆመጥ ከክንዱ አይረዝምም። ቆመጡን አየት፣ እባቡን አየት አደረገና ቀስ ብሎ "እትዬ፣ ዱላው አጭር ነው" አለ።

ሳቅን። የፈራ መስሎን ነበር። እሱ ግን ዞሮ ሄደና ጎረቤት ካለው የግንባታ ቦታ ከቁመቱ የሚበልጥ ፌሮ ይዞ መጣ። ራቅ ብሎ ሁለቴ መታው፤ አለቀ። ማታ በስልክ ያነሣነውን ፎቶ ስለ እንስሳት ለሚያውቅ ወዳጃችን ላክንለት። "ይሄማ የቤት እባብ የሚባለው ነው። መርዝ የለውም። አይጥ ፍለጋ ነው የመጣው" ሲል መለሰልን። አፈርን። ወደ ጥበቃ ቤቷ ሄደንም "ጠዋት ዱላው አጭር ነው ስትል ምን ማለትህ ነበር?" ብለን ጠየቅነው። መልሱ ከአትላስ አውጥቶ እስከ መተማ ወሰደን። እዚያ እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን "አጭር" የምትለዋን ቃል ይዘን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ምክንያቱም ሰው ከእባብ ራሱን ለመጠበቅ በእጁ ስለያዛቸው መሣሪያዎች ብዙ ካነበብን በኋላ ታሪኩ በሙሉ በዚያች ቃል ውስጥ ያለ መስሎ ታየን።

አባቶች "በሞኝ ክንድ የዘንዶ ጉድጓድ ይለኩበታል" ይላሉ። ምሳሌው ስለ ሞኝነት ይመስላል። እንዲያው ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ስለ መሣሪያም ነው። የጉድጓዱን ጥልቀት ማወቅ የሚፈልግ ብልጥ አለ። የራሱን ክንድ ማስገባት ግን አይፈልግም። ስለዚህ ወይ ረጅም ዘንግ ይፈልጋል፣ ወይ ሞኝ ይፈልጋል። ሞኝ ደግሞ ከዘንግ ይረክሳል።

የሰፈራችን ስም ራሱ ይህንን ተረት ተሸክሞ ይዞራል። በግሪኮች አፈ ታሪክ አትላስ ሰማይን በትከሻው እንዲሸከም የተፈረደበት ግዙፍ ነው። ሄርኩለስ የወርቅ ፖም እንዲያመጣ ሲታዘዝ የፖሙን ዛፍ የሚጠብቀው ላዶን የሚባል ዘንዶ ነበር። በአንዱ አተራረክ ሄርኩለስ ዘንዶውን በቀስት ይገድለዋል። በሌላው ግን ፕሮሜቴዎስ "አንተ አትሂድ፣ አትላስን ላከው" ብሎ ይመክረዋል። ሄርኩለስም ሰማዩን ለጊዜው ተቀበለውና አትላስን ወደ ዘንዶው ሰፈር ላከው። አትላስ ፖሙን ይዞ ተመለሰ። ከዚያስ? ሰማዩን በብልጠት መልሰው አሸከሙት። የሥራው ክብር ለሄርኩለስ፣ ሸክሙ ለአትላስ። የሰፈራችንን ዘበኞች ታሪክ ይመስላል ብንል "አጋነናችሁ" አትበሉን።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ የአገራችን የንግሥና አፈ ታሪክ ራሱ ከእባብ ነው የሚነሣው። ከአክሱም ነገሥታት በፊት አርዌ የሚባል ዘንዶ ነግሦ ሕዝቡ ከብቱንና ልጃገረዶቹን ይገብርለት ነበር ይላል ተረቱ። ዘንዶውን የገደለው አንጋቦ ነው፤ በአንዳንዱ አተራረክ የንግሥተ ሳባ አባት። እንዴት ገደለው? ሰይፍ መዝዞ አልገጠመውም። ፍየል መርዝ አበላና ፍየሏን አቀረበለት። አርዌ ፍየሏን ዋጠ፤ ሞተ። ቸርችል ጎዳና የባህል ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ በትንንሽ ሣጥን በሣጥን የተከፋፈለውን የንግሥተ ሳባን ሥዕል አይታችሁ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ላይ ያለው ትልቅ እባብ እሱ ነው። እኛን የገረመን ይሄ ነው፤ በተረቱ ዙፋን ያገኘው ሰው ጉልበተኛው አይደለም፤ በእጁና በዘንዶው አፍ መካከል ርቀት ማስገባት የቻለው ነው። (ፍየሏን የጠየቃት እንደሌለ ግን ይመዝገብልን።)

ሁለተኛው ሰው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እሱን ለማየት ቤተ ክርስቲያን ያልሄደ የአትላስ ወጣት እንኳ ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ያገኘዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተው ቢራ ፋብሪካ ጠርሙሱ ላይ አድርጎታልና። በሥዕሉ ላይ ሰማዕቱ ነጭ ፈረስ ላይ ነው፤ በእጁ ረጅም ጦር አለ፤ ጫፉ ዘንዶው ላይ ነው። ሠዓሊዎቻችን ለዘመናት የሣሉት ይህንኑ ነው። እምነቱን ለአማኙ ትተን በመሣሪያ ዓይን ብቻ ብናየው ሁለት ርቀት አለው፤ ከፍታው ከፈረሱ፣ ርዝመቱ ከጦሩ። ቆመጥ ይዞ የተሣለ ጊዮርጊስ አላየንም።

መጽሐፍ ቅዱስም ውስጥ በትርና እባብ ጎን ለጎን ናቸው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 4 የሙሴ በትር መሬት ላይ ሲጣል እባብ ይሆናል፤ ሙሴም ይሸሻል። ከዚያ "ጅራቱን ያዝ" ተብሎ ይታዘዛል፤ ሲይዘው በትር ይሆንለታል። ይህ ትእዛዝ ለሙሴ ነበር። እኛ አትላስ ላይ ብንሞክረው በትር አይሆንልንም። ጅራቱ የተያዘ እባብ ጭንቅላቱ ነፃ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ መላጥያ ደሴት ላይ ጭራሮ ሰብስቦ እሳት ላይ ሲጨምር እፉኝት ወጥታ እጁ ላይ ትጣበቃለች። ተአምሩን ሁሉም ያስታውሳል። ለእኛ የቀረችው ተራ ትምህርት ግን ሌላ ናት፤ የእንጨት ክምር ውስጥ ባዶ እጅ አይገባም።

ደብረ ዳሞ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በስድስተኛው መቶ ዘመን ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ ያንን ገደል የወጡት ዘንዶ ጅራቱን አውርዶላቸው ነው ይላል ገድላቸው። ዛሬ ወደ ገዳሙ የሚወጣው ወንድ በጠፍር ገመድ እየተሳበ ነው። ዘንዶው ራሱ መሣሪያ ሆነ፤ ኋላም ገመድ ተካው። እባብ በእኛ ባህል ጠላት ብቻ እንዳልነበረ ለማስታወስ ይህችን እንኳ መያዝ ጥሩ ነው።

እሺ፣ ከነገሥታትና ከቅዱሳን እንውረድ። ተራው ሰው ምን ይዞ ነበር? ያው የምናውቃቸውን ነው። እረኛ ሽመል አለው። ሽማግሌ ከዘራ አለው። ገበሬ ዶማ፣ አካፋ፣ ማጭድ፣ ሣርና ጭድ የሚያነሣበት መንሽ አለው። ቆላ የወረደ ገጀራ ይይዛል። ባላ የሚቆርጥም አለ፤ ጫፉ እንደ 'ሹካ' ሁለት ላይ የተከፈለ እንጨት ነው፤ የእባቡን አንገት ከመሬት ጋር ለማጣበቅ። ዘበኛ ቆመጥ አለው። እናት ደግሞ መጥረጊያና የፈላ ውኃ አላት። ከነዚህ ውስጥ ለእባብ ተብሎ የተሠራ አንድም የለም። ሁሉም ለሌላ ሥራ ተፈጥረው በድንገት የተጠሩ ናቸው። ልዩነታቸውም አንድ ነው፤ ርዝመት።

የዘበኛውን ሒሳብ እንሥራለት። እባብ ዘሎ ሰው አያሳድድም። ብዙዎቹ እባቦች ተወርውረው መንደፍ የሚችሉት የሰውነታቸውን ግማሽ ያህል ርቀት ቢሆን ነው። አንድ ሜትር እባብ ማለት ወደ ግማሽ ሜትር ማለት ነው። ቆመጥ ደግሞ ግማሽ ሜትር ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። በቆመጥ ለመምታት ጎንበስ ማለት ግድ ነው። ጎንበስ ያለ ሰው እጁንና ፊቱን እባቡ ከሚደርስበት ክብ ውስጥ ራሱ ይዞ ገባ ማለት ነው። እንግዲህ "ዱላው አጭር ነው" ማለት "ፈራሁ" ማለት አልነበረም፤ ስሌት ነበር። አንድ ነገር እንጨምር፤ የተቆረጠ የእባብ ጭንቅላት እንኳ ለተወሰነ ጊዜ የመንከስ ምላሹ ስለማይጠፋ ሊነድፍ ይችላል። "ሞቷል" ብሎ በእጅ ማንሣት የገጀራ ባለቤቶች ስሕተት ነው።

ለእባብ ተብሎ የተሠራው መሣሪያ ታዲያ ምን ይመስላል? ብታዩት ትስቃላችሁ። የመጀመሪያው መንጠቆ ነው፤ ከሜትር እስከ ሜትር ተኩል የሚረዝም ቀጭን ብረት፣ ጫፉ የተቆለመመ። የተዘቀዘቀ ከዘራ ማለት ነው! አሜሪካ ውስጥ እባብ ሰብሳቢዎች ከአሮጌ የጎልፍ ዱላ ይሠሩት ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ መንጠቆው ከእባቡ ሆድ ሥር ይገባል፤ ሰውነቱ መሐል ላይ ይነሣል፤ እባቡ እንደ ቅርንጫፍ ቆጥሮት ሚዛኑን ሲጠብቅ ወደ ዕቃ ይወሰዳል። አይመታውም፣ አያንቀውም። ሁለተኛው ጉጠት ነው። አንጥረኛ የጋለ ብረት የሚይዝበትን ጉጠት አስቡት፤ ግን ሜትር ከምናምን የረዘመ፣ እጀታው ላይ ስትጨብጡት ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ሰፋፊ መንጋጋዎች የሚገጥሙ። ሰፋፊ የሆኑት የእባቡን ጎድን እንዳይሰብሩ ነው። ሦስተኛው ብርሃን የሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ጭንቅላቱ ቱቦ ውስጥ ከገባ መዞር ስለማይችል ሐኪምም ተመራማሪም ሊመረምረው ይችላል። አራተኛው ክዳኑ የሚጠብቅ ባልዲ ነው፤ እባብ ሲጨንቀው ጨለማ ቀዳዳ ስለሚፈልግ በጎኑ ቢያስተኙለት ራሱ የሚገባበት ጊዜ አለ።

"ለምን ይህን ሁሉ ጣጣ? አይገደልም እንዴ?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ያለው ብራዚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ አልቤር ካልሜት የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም የእባብ መርዝ ማርከሻ ሠራ። ዘዴው ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው፤ ለፈረስ ጥቂት ጥቂት መርዝ ይወጋል፤ የፈረሱ ደም መከላከያ ያበጃል፤ መከላከያው ተጣርቶ ለተነደፈ ሰው ይሰጣል። ካልሜት የተጠቀመው የእስያን ኮብራ መርዝ ነበር። ሳኦ ፓውሎ የነበረው ሐኪም ቪታል ብራዚል ግን አንድ ነገር አስተዋለ፤ የእስያው ማርከሻ በብራዚል እፉኝት ለተነደፈ ገበሬ አይሠራም። ማርከሻ እንደ ቁልፍ ነው፤ የሌላውን አገር በር የሚከፍት የእናንተን በር ላይከፍት ይችላል። ስለዚህ የራስን እባብ መርዝ ማግኘት ግድ ሆነ። መርዝ ደግሞ የሚታለበው በሕይወት ካለ እባብ ነው። ከሞተ እባብ ማርከሻ የሚያመርት ተቋም አይቆምም።

እ.ኤ.አ. በ1901 የተቋቋመው የቡታንታን ኢንስቲትዩት ለዚህ መፍትሔ ያገኘው በሁለት ቀላል ዕቃዎች ነው፤ በእንጨት ሣጥንና በዱላ። ዱላው ተራ ዱላ አልነበረም። ጫፉ ላይ የቆዳ ማነቂያ አለው፤ እባቡ አንገት ላይ ከሩቅ ገብቶ ይጠብቃል። በሐኪሙ አዶልፎ ሉትዝ ስም "የሉትዝ ማነቂያ" ተባለ። ኢንስቲትዩቱ ሣጥኑንና ማነቂያውን ለገበሬዎች ያድላል። ገበሬው ማሳው ላይ ያገኘውን እባብ ከነሕይወቱ ይዞ ሣጥን ውስጥ ያስገባና በባቡር ያለ ክፍያ ይልካል። በምላሹ ማርከሻ ይላክለታል። ልብ በሉ፤ እባቡ የሚኖረው ገበሬው ማሳ ላይ ነው፤ የሚነደፈውም ገበሬው ነው፤ ስለዚህ ዱላውም መድኃኒቱም ለገበሬው ነበር። ክንዱን ያስገባው ሰው የጉድጓዱን ጥቅም አገኘ። ማነቂያው በኋላ የእባቦቹን አንገት ስለሚጎዳ በመንጠቆ እየተተካ ሄደ። ሐሳቡ ግን ቀረ።

ሕንድ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለ። ኢሩላ የሚባሉት ሕዝቦች እባብ እየያዙ ቆዳውን በመሸጥ ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የዱር እንስሳት ሕግ ሲወጣ እንጀራቸው ተቋረጠ። በ1978 ቼናይ አጠገብ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ አሁን እባቡን አይገድሉትም። ይይዙታል፣ መርዙን ለማርከሻ አምራቾች ያልቡታል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ዱር ይመልሱታል። የያዙት መሣሪያ አንዲት የብረት ዘንግ ናት፤ ሌላው የዘመናት ዕውቀት ነው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ኢትዮጵያ የራሷ እባቦች አሏት፤ ሌላ ቦታ የማይገኙ ጭምር። እ.ኤ.አ. በ1977 ጀርመናዊው ተመራማሪ ቮልፍጋንግ ቦህመ ከኢሉባቦር የመጣ የደጋ እፉኝት ለሳይንስ አዲስ መሆኑን ጻፈ። በ2016 ደግሞ ተመራማሪዎች ከባሌ ተራሮች ሌላ አዲስ እፉኝት መዝግበው በሐረና ጫካ ስም ሰየሟት። ሐዋርያት ባዩት ዓይነት ፍጥረት ላይ፣ እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ የዛሬ አሥር ዓመት ግድም አዲስ ስም ወጣ ማለት ነው! ከሞተችና ከተቀጠቀጠች እፉኝት ይህን ዕውቀት ማግኘት ይከብዳል።

ማርከሻውስ? ለአፍሪካ እባቦች ከተሠሩት ሁሉ በጣም ይታመን የነበረው የፈረንሳዩ ሳኖፊ ኩባንያ ፋቭ አፍሪክ ነበር። ኩባንያው አትራፊ አይደለም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረቱን አቆመ፤ የመጨረሻዎቹ ብልቃጦች በሰኔ 2016 ጊዜያቸው አለፈ። ክፍተቱ ግን ከዚያም በፊት ነበር፤ ጋና ውስጥ ከሕንድ እባቦች መርዝ የተሠራ ማርከሻ በተገዛ ጊዜ የሟቾች ቁጥር ከፍ ብሎ ታይቷል። የቪታል ብራዚል ትምህርት ከመቶ ዓመት በኋላ በሰው ሕይወት ተደገመ። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ችላ የተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2017 ነው። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው በእባብ ይሞታል፤ አካሉን የሚያጣው የዚህ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። በሽታው "ችላ የተባለ" የተባለው እባቡ ስለሚረሳ አይደለም። የሚነደፈው ሰው ስለሚረሳ ነው።

ዘበኛው ማታ የነገረን ስለዚህ ሰው ነው። አትላስ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ዓመት መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዷል። ጥቅምት ሲመጣ ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ የሚወርደው ወጣት ብዙ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም፤ ካለፈ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ሌሊትም ይታጨዳል፤ ቀን ያለው ሙቀትም አያሠራም። "ማጭድ ታውቃላችሁ?" አለን። "ማጭድ ስትይዝ እጅህ መሬት ላይ ነው። በግራ እጅ አገዳውን ትጨብጣለህ። ምን እንደጨበጥክ በጨለማ አታየውም።" እግሩ ላይ የነበረው ኮንጎ ጫማ ነው። የሚተኛው መሬት ላይ ነው። በሁለተኛው ዓመት አጠገቡ ያጭድ የነበረ ልጅ እጁ ላይ ተነደፈ። ክንዱን በገመድ አሰሩለት፣ በምላጭ በጡት፣ እስኪነጋ ጠበቁ። ልጁ ተርፏል፤ ሁለት ጣቶቹ ግን አልተረፉም። "ከዚያ ወዲህ ነው ርዝመት የምለካው" አለን።

እዚህ ላይ ዝም አልን። ማጭድ ከእባብ አንፃር ካየነው በአገራችን ካሉት የእጅ መሣሪያዎች ሁሉ አጭሩ ነው። የአገሪቱን ትልቅ የውጭ ንግድ ሰብል የምናጭደው በዚያ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ድርጅት በምዕራብ አማራ አብዱራፊ ላይ ለዓመታት ሲያክም የነበረው ሁለት ነገር ነው፤ ካላዛርና የእባብ ንድፊያ። የሁለቱም በሽተኛ በአብዛኛው አንድ ሰው ነው፤ ከደጋ የወረደ ቀን ሠራተኛ። አርዌን በፍየል፣ ላዶንን በአትላስ፣ የመተማን እፉኝት ደግሞ በጎጃም ልጅ። የጉድጓዱ ጥልቀት አሁንም በሰው ክንድ ይለካል።

አትላስስ? ሰፈራችን አውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከልደታ ወደ ቦሌ ከመምጣቱ በፊት የሣርና የእርሻ አገር ነበር። እባቡ ወደ ከተማ አልመጣም፤ ከተማው ነው ወደ እባቡ የሄደው። ቁፋሮ ሲጀመር ጉድጓዱን ያጣ እባብ፣ ቆሻሻ ሲከማች የበዛ አይጥ፣ ታጥሮ የተረሳ ባዶ ቦታ፤ እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ እሑድ ጠዋት ውኃ ቆጣሪው ጋር የምናገኘው እንግዳ ይመጣል። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" እንደሚባለው ሁሉንም ገዳይ አድርገን እናየዋለን እንጂ ከፍታችን ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ ሰው አይገድሉም። ለይቶ ለማያውቅ ሰው ግን ደንቡ አንድ ነው፤ ሁሉንም እንደ መርዛማ ቆጥሮ ከሁሉም መራቅ። ልጆችንና ውሾችን ማስገባት፣ የሚወጣበትን መንገድ ክፍት መተው፣ ከሩቅ ሆኖ ዓይን አለመንቀል። ብዙውን ጊዜ ራሱ ይሄዳል። መንጠቆ የገዛ ሁሉ እባብ ያዥ አይሆንም፤ ያለ ሥልጠና ረጅሙም ዱላ አጭር ነው። ሰው ከተነደፈ አይታሰር፣ አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይም አይለጠፍበት። ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፣ የተነደፈው አካል ሳይንቀሳቀስ በፍጥነት ሐኪም ቤት ይድረስ።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ወዳጆቻችን፣ በረንዳ ላይ ቆማችሁ "በለው!" አትበሉ። ብዙ ሰው የሚነደፈው እባቡን ሊገድል ወይም ሊይዝ ሲጠጋ ነው። "በለው" ማለት ያንን ሰው ወደዚያ ክብ መግፋት ነው። ካላችሁም መጀመሪያ ዱላውን ለኩ።

እኛ ያደረግነውን እንንገራችሁና እንጨርስ። ብየዳ ቤት ሄደን ከፌሮ ሜትር ተኩል የሆነ፣ ጫፉ እንደ ከዘራ የተቆለመመ መንጠቆ አሠራን። ጥበቃ ቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እስከዛሬ ያወረደው ነገር ቢኖር ቆርቆሮው ላይ የወጣ የልጆች ኳስ ብቻ ነው። አጥሩ ሥር ያለው ቀዳዳ በሲሚንቶ ተደፈነ፤ ሣሩ ታጨደ፤ በነገራችን ላይ ያጨድነው እኛው ነን፣ ቀን፣ ጓንት አድርገን። አከራያችን መንጠቆውን አይተው "አሁንስ ረዘመልህ?" አሉት። "ረዝሟል እትዬ" አለ እየሳቀ።

ጥቅምት ሲገባ ታናሽ ወንድሙ በመነኻሪያ በኩል ደወለለት። መንገዱ ተከፍቷል ተብሎ ለአጨዳ ሊወርድ ነው። ልጁ መንጠቆውን አየት አደረገና "ይሄን ብልክለትስ?" አለን። ማጭድ ለያዘ ሰው መንጠቆ እንደማይረዳው እሱም ያውቃል፤ እንዲያው ጭንቀቱ ነው። አወጣጣንና እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦት ጫማ፣ ወፍራም የቆዳ ጓንትና ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ገዛን። በአውቶቡስ ላክንለት። ሦስቱም አንድ ሣጥን ሞሉ።